ሞተር የለውም ተብሎ ስለተወሰደው ባለሁለት በር መኪናችን

ቀን፦ ማክሰኞ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለቆሙ ተሽከርካሪዎችና ባለቤት አልባ ንብረቶች ማንሻ ጽሕፈት ቤት
ለኃላፊው ለአቶ ኤልያቄም
ልደታ፣ አዲስ አበባ

አመልካች፦ ወ/ሮ ለተ ሚካኤል አምሃ፣ ስለ ራሴና መናገር ስለማይችለው ባለቤቴ ስለ አቶ ደገፋ ቶኩማ
አድራሻ፦ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ

ጉዳዩ፦ የፊት ኮፈኑ ተከፍቶ «ሞተር የለውም» የተባለው፣ ሞተሩ ግን ከኋላው የሚገኘው ፊያት 850 ኩፔ መኪናችን ከቁርጥራጭ ብረት ጨረታ ወጥቶ እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እጀምራለሁ። በሙያዬ ራፖር ጸሐፊ ነኝ። ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ ልደታ ፍርድ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቼ፣ ድሮ በታይፕራይተር አሁን በላፕቶፕ፣ የሰው አቤቱታ ስጽፍ ኖሬያለሁ። የተፈናቀለ፣ የተካደ፣ የተባረረ፣ ቀለብ የተከለከለ ሁሉ በእኔ እጅ አልፏል። በራሴ ስም ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ስለዚህ «በታላቅ ትሕትና» የሚለው ቃል የት እንደሚገባ አሳምሬ አውቃለሁ፤ እዚህ ያላስገባሁት ረስቼው አይደለም። ባለቤቴንም በማመልከቻ ደንብ «እርሳቸው» ማለት ነበረብኝ። ባሌ ነውና እሱ እላለሁ።

1. ንብረቱ ፊያት 850 ኩፔ ነው፤ ባለ ሁለት በር፣ ጀርባው ወደ ታች የተንሸራተተ፣ በዘመኑ ጎረምሳው ሁሉ ቆሞ ያየው የነበረ የስፖርት መኪና። ሊብሬው በባለቤቴ ስም ነው፤ ኮፒው ተያይዟል። የዚህ መኪና ሞተር ያለው ከኋላ ነው። ፋብሪካው ሲሠራው እንደዚያ አድርጎ ነው የሠራው፤ እኛ አላዞርነውም። የፊቱ ኮፈን ሲከፈት የሚገኘው ዕቃ ማስቀመጫና ስኮርታ ጎማ ነው። ይህን ለማወቅ ምሕንድስና መማር አያስፈልግም። ቮልስም ሞተሯ ከኋላ ነው፤ በዚህ ከተማ ቮልስ ሳያይ ያደገ ሰው ካለ እኔ አላውቀውም። እንዲያውም አንዲት ሰማያዊ ቮልስ በእርስዎው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ቆማ ትውላለች። እስካሁን ሞተር የላትም ብሎ የጫናት የለም።

2. ደገፋ ሜክሲኮ አካባቢ ባሉ ጋራዦች ሠላሳ ዓመት የሠራ መካኒክ ነው። መኪናውን ያገኘው በ1998 ዓ.ም. ከአንድ ጡረታ የወጡ ጠበቃ ሲሆን፣ ወደ እኛ ሰፈር የመጣው በሰው ትከሻ ተገፍቶ ነው። ወለሉ በዝገት ተበልቶ እግር ያስወጣ ነበር። ደገፋ እሁድ እሁድ ትንሽ ትንሽ ሲነካካው ዓመታት አለፉ። እኔ ጠላሁት። እውነቱን ልጻፍ፤ ዕረፍታችንን ሁሉ ይህ ቆርቆሮ ሲበላው እያየሁ፣ ለቁርጥራጭ ሽጠህ ገላግለኝ ያልኩት ስንት ጊዜ እንደሆነ አላስታውስም። ዛሬ ጽሕፈት ቤትዎ ያንን ቃሌን ከአፌ ነጥቆ ሊፈጽምልኝ ሲነሣ ማየት ያንገበግበኛል።

3. በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. ደገፋን ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አሉ፤ አንደበቱም ተዘጋ። ሐኪሙ ግራ እጁ ሥራ እንዳይፈታ፣ አእምሮውም የሚያስበው ነገር እንዳያጣ አጥብቆ ነገረኝ። ኳስ እንዲጨብጥ ሰጠሁት፤ ወረወረው። መጽሐፍ አነበብኩለት፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አንድ ቀን ተስፋ ቆርጬ ወደ መኪናው አወረድኩትና ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ለምግብ የሚለማመድበት ማንኪያ በግራ እጁ ነበር። ሳላስበው በማንኪያው በሩን ያንኳኳ ጀመር።

ቀስ በቀስ ቋንቋ አወጣን። አንድ ጊዜ ሲያንኳኳ አጥብቂ ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ሲያንኳኳ አላሊ። ሦስት ጊዜ ሲያንኳኳ ተይው። በዚህ ቋንቋ ሦስት ዓመት ተኩል ሠራን። የበሰበሰውን ወለል አስቆርጠን አዲስ ላሜራ አስበየድን። ካርቡራተሩን ፈትቼ አጥቤ ስገጥም አምስት ጊዜ ተሳሳትኩ፤ አምስቱንም ጊዜ ሁለቴ አንኳኳብኝ። ዕድሜውን ሙሉ ከወረቀትና ከቀለም ሌላ ያልነካ እጄ ዛሬ ካንዴላ ይፈታል። ጥፍሬ ሥር የገባው ግራሶ በሳሙና አልለቅ ብሎ ባለጉዳዮቼ ጣቴን እያዩ ይሳሳቃሉ።

4. ማሻሻያም አድርገንበታል፤ አልደብቅም። የማርሹን ዘንግ በእሳት አጉብጠን ወደ ቀኙ ወንበር አስጠግተነዋል። መሪ የምይዘው እኔ ነኝ፤ ፍሪሲዮንና ፍሬን የምረግጠው እኔ ነኝ፤ ማርሽ የሚያስገባው ግን ከጎኔ ተቀምጦ በግራ እጁ ደገፋ ነው። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በሃምሳ አራት ዓመቴ፣ ለዚሁ ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ቀለሙ አላለቀም። አካሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ የግራው በር ገና በዝገት መከላከያው ግራጫ ነው፤ ላላወቀው ሰው የተጣለ ሊመስል እንደሚችል አምናለሁ። ለዚህም ነው ሰው ከመፍረዱ በፊት ዞር ብሎ ማየት ያለበት።

ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም. እሁድ ጠዋት ሞተሩ ተነሣ። ከግቢ ወጥተን ሜክሲኮ ደርሰን ዞረን ተመለስን። እኔ ስረግጥ እሱ ሲያስገባ፣ አንድም ማርሽ አልጮኸብንም። አደባባዩን ስንዞር ደገፋ ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥቶ ሳቀ። ቦሎ አልነበረንም፤ ይህ ጥፋት ነው፤ ይጻፍብኝ። ያለ ሞተር ሜክሲኮ ደርሶ የሚመለስ መኪና ካለ ግን ጽሕፈት ቤትዎ ይህን ተአምር ለሕዝብ ቢያሳውቅ መልካም ነው።

5. መስከረም 26 ቀን 2018 ዓ.ም. በብሎካችን ደረጃ ላይ የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ማስታወቂያ ተለጠፈ። «በጋራ ግቢ ውስጥ የቆሙ፣ ሞተር የሌላቸውና ባለቤት አልባ የሆኑ ተሽከርካሪዎች በሰባት ቀን ውስጥ ካልተነሡ ጽሕፈት ቤቱ ያነሣል» ይላል። ማንበብ ለቸገራቸው ጎረቤቶች ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔው ነኝ። ሞተር የሌለው ይጨነቅ፣ የእኛ ሞተርም ባለቤትም አለው ብዬ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰውን «ወረቀቱን ሳይሆን ወረቀቱን የያዘውን ሰው ፍሩ» እያልኩ ስመክር ኖሬ፣ ራሴ ላይ ሲደርስ ወረቀቱን አመንኩ። ይህ የእኔ ሞኝነት ነው።

6. ሰኞ ጥቅምት 3 ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ እኔ ጃንጥላዬ ሥር የአንዲት እናት የቀለብ ማመልከቻ እየጻፍኩ ሳለሁ፣ በቡድን መሪው በአቶ ኬብሮን የሚመራ አራት ሰዎች ያሉት ኮሚቴ ክሬን ይዞ ወደ ግቢያችን ገባ። የሆነውን ሁሉ ከሰገነታቸው ላይ ያዩት የሁለተኛ ፎቅ ጎረቤታችን ወ/ሮ ፋዮ ናቸው፤ የምስክርነት ቃላቸው ተያይዟል።

አቶ ኬብሮን መኪናው የለበሰውን ሸራ ገለጡ። የፊቱን ኮፈን ከፈቱ። ስኮርታ ጎማና የደገፋን አሮጌ ቱታ አዩ። ዘጉ። የኋላውን ክዳን ማንም አልነካውም። ወ/ሮ ፋዮ ከላይ ሆነው «ልጄ፣ ሞተሩ እኮ ከኋላ ነው» ቢሏቸው፣ «እማማ፣ ሥራችንን አያስተምሩን» ብለው መለሱላቸው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሲባል እንሰማ ነበር። ለቃሚው ኩበት ስላጣ ላሟ ራሷ የለችም ብሎ ሲፈርም ግን ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ደገፋ እዚያው መኪናው አጠገብ ወንበሩ ላይ ነበር። ተነሣ። ለመነሣት ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅበት ወ/ሮ ፋዮ ያውቃሉ፤ ሰዎቹም ቆመው አዩት። በከዘራው የኋላውን ክዳን፣ ሞተሩ ያለበትን፣ ሦስት ጊዜ አንኳኳ። ተዉት ማለቱ ነበር። ይህን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሷም ያን ሰዓት የሌላ ሰው አቤቱታ ትጽፍ ነበር። ይህ ያቃጥለኛል፤ ዛሬም ያቃጥለኛል።

7. ኮሚቴው የፈረመበትን ቃለ ጉባዔ ኮፒ ከብዙ ልመና በኋላ አግኝቻለሁ። እንዲህ ይላል፦

ሀ) «ተሽከርካሪው ሞተር የለውም፤ በሞተሩ ቦታ አሮጌ ጎማና ጨርቅ ተገኝቷል።»
ለ) «የማርሽ ዘንጉ የተጣመመ በመሆኑ ለአገልግሎት አይውልም።»
ሐ) «ባለቤት አልቀረበም። በአካባቢው የነበሩ አንድ ግለሰብ ኮሚቴውን በከዘራ አስፈራርተዋል።»

ብዙ ቃለ ጉባዔ አንብቤያለሁ፤ የውሸት ቃለ ጉባዔም አንብቤያለሁ። ይህኛው የውሸት እንኳ አይደለም። የስንፍና ነው። ዋሽቶ የሚጽፍ ሰው ቢያንስ እውነቱን ያውቀዋል፤ እነዚህ ሰዎች ግን ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ መሄድ ስለከበዳቸው ብቻ ነው የፈረሙት። ባለቤቱ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ «ባለቤት አልቀረበም» ይላል። ግማሽ አካሉ የማይታዘዝለት ሰው አራት ጎልማሶችን አስፈራራ ይላል። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ እነሱ ግን ለቅልቀው ማኅተምም አድርገውበታል።

8. ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይባልብኝ በማግሥቱ ጠዋት ጽሕፈት ቤትዎ ተገኝቻለሁ። ከዚያ ወዲህ በጠቅላላው አምስት ቀን ተመላልሻለሁ። መስኮት ቁጥር 3 ላይ በመጀመሪያው ቀን «ኃላፊው የለም»፣ በሁለተኛው «ሲስተም የለም»፣ በሦስተኛው «ፋይሉ የለም» ተባልኩ። በአራተኛው ቀን አቶ ኬብሮንን ኮሪደር ላይ አገኘኋቸውና ሞተሩ ከኋላ መሆኑን ነገርኳቸው። ሰምተውኛል። ሰምተውኝም «አሁንማ ተፈርሟል» አሉኝ። በአምስተኛው ቀን፣ ማለትም ትናንት፣ መኪናው ሰኞ ጥቅምት 24 ቀን ለቁርጥራጭ ብረት ጨረታ እንደሚቀርብ፣ የሚያሸንፈውም እዚያው ግቢ ውስጥ በጋዝ ቆርጦ እንደሚወስደው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አነበብኩ። በዚህ ቤት ሁሉ ነገር የለም የሚባለው ለባለጉዳይ ነው፤ ለመቁረጫው ግን ቀን አለው።

9. ከእኛ በኩል ያለውን ጥፋት ራሴ እዘረዝራለሁ፤ ሌላ ሰው እስኪያገኘው አልጠብቅም። ቦሎው ጊዜው አልፎበታል። የማርሹ ዘንግ የታጠፈው ያለ ፈቃድ ነው። መኪናው የቆመው በጋራ ግቢ ነው፤ ምንም እንኳ ከጎረቤት አንድም ሰው ቅሬታ ባያቀርብ። ለእነዚህ የሚገባ ቅጣት ካለ ቆሜ እቀበላለሁ። አጥፍተሻል መባል አይከብደኝም። በሕይወት ያለ ነገር ሞቷል መባሉ ነው የከበደኝ።

10. አሁን ስለ ደገፋ። መኪናው ከተጫነ ዛሬ አሥራ አምስት ቀን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤት አልወረደም። ገበታ ሳቀርብለት በማንኪያው ሳህኑን ሦስት ጊዜ ያንኳኳል። መድኃኒቱን ስይዝለት ብርጭቆውን ሦስት ጊዜ። እጁን የሚያሠራው ባለሙያ ሲመጣ የወንበሩን እጀታ ሦስት ጊዜ። ትናንት ጠዋት አጠገቡ ተቀምጬ ሳለቅስ አየኝ፤ ጉልበቴን በጣቱ ሦስት ጊዜ መታ መታ አደረገ። እኔ ግን አልተውም። ሐኪሙ በዚህ ከቀጠለ ያገገመውን ሁሉ መልሶ እንደሚያጣ በጽሑፍ ሰጥቶኛል፤ ተያይዟል። ስለዚህ በጽሕፈት ቤትዎ ግቢ ውስጥ ሊቆረጥ ቀን የተቆረጠለት ብረት ብቻ እንዳልሆነ ተገንዝበው እንዲያነቡልኝ ይሁን።

11. ስለሆነም የሚከተለው እንዲፈጸም እጠይቃለሁ፦

ሀ) መኪናው ከጥቅምት 24ቱ ጨረታ እንዲወጣ፣ ይህም እስከ ሐሙስ ጥቅምት 20 ቀን በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ፤
ለ) እርስዎ ራስዎ በተገኙበት፣ እኔና ደገፋም ባለንበት፣ የኋላው ክዳን ተከፍቶ ሞተሩ እንዲነሣ። ቁልፉ በእጄ ነው፤ ባትሪ ከደከመም ባትሪ ይዤ እመጣለሁ። ለአቶ ኬብሮንም ወንበር ይዘጋጅላቸው፤ ቁጭ ብለው ይስሙ፤
ሐ) ቃለ ጉባዔው እንዲታረም፣ በተለይም «በከዘራ አስፈራርተዋል» የሚለው እንዲሰረዝ፤
መ) መኪናው ተመልሶ ለቦሎውና ለማርሹ ፈቃድ የሠላሳ ቀን ጊዜ እንዲሰጠን።

12. ይህ ተራ ቁጥር ለእርስዎ ብቻ ነው። በሰኔ ወር 2009 ዓ.ም. አንድ ወጣት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ዝናብ ሲያባርረው ጃንጥላዬ ሥር ገባ። በሥራ ሰዓት ከቢሮ ጠፍተሃል ተብሎ ታግዶ ነበር። ተቆጣጣሪዎች መጥተው የፊተኛውን ክፍል በር ከፍተው፣ ባዶ ወንበር አይተው፣ «የለም» ብለው ፈርመውበታል። ወጣቱ ግን ያን ሰዓት ከኋላው ክፍል መዝገብ እየደረደረ ነበር። ሁለተኛውን በር የከፈተ ሰው አልነበረም። ሚስቱ ወልዳ አልጋ ላይ ነበረች።

እኔ ጻፍኩለት። የአቤቱታውን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ግን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። እሱ ያለውን እንዳለ ነው ያሰፈርኩት፦ «የምለምነው ምሕረት አይደለም፤ የኋላውን በር እንዲከፍቱልኝ ብቻ ነው።» የካርቦን ቅጂው ዛሬም ፋይሌ ውስጥ አለ። ከሁለት ወር በኋላ ወደ ሥራው ተመልሶ በፌስታል ብርቱካን ይዞልኝ መጣ። ከደገፋ ጋር በላነው፤ ጣፋጭ ነበር። ስለዚህ ውለታ የለብዎትም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ራፖር ጸሐፊ የባለጉዳዩን ነገር ለሌላ አያወራም። ለራሱ ለባለጉዳዩ ማስታወስ ግን ነውር የለበትም። በዚህ ምክንያት ይህ ቅጂ ግልባጭ የለውም። ተራ ቁጥር 12 የሌለበት፣ ግልባጩ ግን ለበላይ አካላት ሁሉ የሚሄድ ሁለተኛ ቅጂ ተፈርሞ ቦርሳዬ ውስጥ ተቀምጧል። እስከ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ከዚያ አይወጣም።

በመጨረሻም፣ አቤቱታው ለምን በዚህ ቃል እንደተጻፈ ማወቅ ይገባዎታል። ትናንት ያዘጋጀሁት የመጀመሪያ ረቂቅ እንደማንኛውም ሥራዬ የለሰለሰ ነበር፤ «በታላቅ ትሕትና» በሁለት ቦታ፣ «መልካም ፈቃድዎ ከሆነ» በአራት ቦታ ነበረበት። ከመፈረሜ በፊት ለደገፋ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ማንኪያውን አነሣና ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ አንኳኳ።

እስከ ሐሙስ ብቻ ከሚቆይ ሰላምታ ጋር

ለተ ሚካኤል አምሃ
(ፊርማ)

ደገፋ ቶኩማ
(የግራ እጅ አሻራ)

አባሪ፦ የሊብሬ ኮፒ፣ የወ/ሮ ፋዮ የምስክርነት ቃል፣ የሐኪም ማስረጃ፣ የቃለ ጉባዔው ኮፒ፣ የኋላው ክዳን ተከፍቶ ሞተሩ የሚታይበት ፎቶግራፍ

ግልባጭ፦ ለጊዜው የለም